እሺና እምቢ፤ ስለ መካከለኛው ዘመን የፍቅር ታሪኮችና ስለ ልበ ብርቱ ሴቶቻቸው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም የተነገረ)



 ልንናገርበት የመረጥነው ነገር የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ መሠረት አድርገው ስለ ተጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶችና በውስጣቸው ስለሚገኙ ልበ ብርቱ ሴቶች ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሴት ልጅን እልኸኛ ያደርጋታል ብለው የሚሰጉም አይጠፉም። እኛ ግን እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ተጠራርገው የሚነቀፉ፥ ወይም ተጠራርገው የሚመሰገኑ አይደሉም እንላለን። ፍሬውን ከገለባው የምንለይበት ሚዛን ያስፈልገናል።

እኛ ያገኘነው ሚዛን ይህ ነው። የአንዲት ሴት ልበ ብርታት የሚታወቀው በያዘችው ሰይፍ ወይም በተቀመጠችበት ፈረስ አይደለም፤ እሺ ወይም እምቢ ባለች ጊዜ ለቃልዋ በምትከፍለው ዋጋ ነው። ደራሲው ዋጋውን በእውነት ካሳየን መጽሐፉ ያስተምረናል። ዋጋውን ከደበቀብን ግን ያታልለናል። ይህንንም በምሳሌ እናስረዳለን። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

መካከለኛው ዘመን የሚባለው በአውሮፓ ታሪክ ከ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ያለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የባለጸጋ ልጅ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ርስት ከርስት የሚገጥምበት፥ ጠብ የሚበርድበት፥ ወዳጅነት የሚጸናበት ውል ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አባትና ዘመድ ተነጋግረው ነገሩን ከጨረሱ በኋላ ነበር ለልጅቱ የሚነገራት። ይሁን እንጂ በዚህ ወፍራም ግንብ ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች። በ12ኛው መቶ ዓመት የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ዐዋቂዎች፥ ይልቁንም ከ1159 እስከ 1181 የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት እስክንድር 3ኛ፥ ጋብቻን የሚያጸናው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ነው ብለው አስተማሩ። አባት ሊቈጣ፥ ዘመድም ሊያስፈራራ ይችላል፤ «እሺ» የሚለው ቃል ግን ከልጅቱ ከራስዋ አፍ መውጣት ነበረበት። ስለ መካከለኛው ዘመን የፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ጥሩ ደራሲ ይህችን ጠባብ መስኮት ያውቃታል፤ ግንቡንም ያውቀዋል።

ልበ ብርቱ ሴት የደራሲዎች ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነች ደግሞ ታሪክ ይመሰክራል። የአኪቴይን ግዛት ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር በ1137 በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነውን ሉዊ 7ኛን አገባች። በ1152 ጋብቻው ሲፈርስ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይታ፥ ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን አገባች። ልጆቿ በአባታቸው ላይ ባመፁ ጊዜ ከልጆቿ ጋር በመቆምዋ እስከ 1189 ድረስ 15 ዓመት ያህል በእስር ተጠብቃ ኖረች። ከእስር ከወጣች በኋላ ደግሞ፥ ልጅዋ ንጉሥ ሪቻርድ በጀርመን ምድር ተይዞ ሳለ፥ ለመፈቻው የተጠየቀውን ገንዘብ ለማሰባሰብ የደከመችው እርስዋ ነበረች። እንግዲህ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ለኤሌኖር አይሠራም። ኤሌኖር ዐወቀች፤ ላወቀችውም ከፈለች።

ይኸው ሪቻርድ ከምርኮ የተመለሰበት የ1194 ዘመን ነው ለስኮትላንዱ ደራሲ ለሰር ዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» የተባለውን ልብ ወለድ ለመጻፍ ምክንያት የሆነው። መጽሐፉ በ1819 መጨረሻ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፈረሰኞችና ስለ ግንቦች የተጻፉ ብዙ የፍቅር ታሪኮች ሁሉ የእርሱን ፈለግ ተከትለዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ከጥንት የእንግሊዝ ነገሥታት ዘር የተወለደችው ሮዌና ናት። አሳዳጊዋ ለወገኑ መንግሥት ሲል ለሌላ ሊድራት ቢመክርም እርስዋ ግን የምትወደው አይቫንሆን ስለ ሆነ አሻፈረኝ ትላለች። ሁሉም ያከብሯት ነበርና እምቢታዋ እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም አላስከፈላትም። ዳሩ ግን አንድ ጉልበተኛ ማርኮ በግንብ ከዘጋባት በኋላ በግድ ላግባሽ ባላት ጊዜ ብርታትዋ ከድቷት ታለቅሳለች። ደራሲው እንደሚያስረዳን የሮዌና ቈራጥነት ከለመደችው ክብር የመጣ እንጂ በመከራ የተፈተነ አልነበረም።

ሁለተኛዋ ርብቃ ናት። ርብቃ የአይሁዳዊው የዮርኩ ይስሐቅ ልጅ ናት። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የነበሩት አይሁድ ምን ያህል በጭንቀት ይኖሩ እንደ ነበረ ለማወቅ፥ በ1190 በዮርክ ከተማ የደረሰባቸውን እልቂትና በ1290 በንጉሥ ትእዛዝ ከአገሩ ሁሉ መባረራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ርብቃ ወገን የላትም፤ ርስት የላትም፤ ዳኛም የላትም። ያላት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሕክምና እውቀትና የራስዋ ፈቃድ። በዚያው ግንብ ውስጥ፥ የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች ከተባሉት የጦር መነኮሳት አንዱ ሊደፍራት በመጣ ጊዜ፥ ርብቃ ከግንቡ አፋፍ ላይ ቆማ አንድ እርምጃ ብትቀርበኝ ራሴን ወደ ታች እወረውራለሁ ትለዋለች። ፈረሰኛው ደንግጦ ይቆማል። አንባቢ ሁሉ እንደሚመሰክረው በዚያች ሰዓት ሰይፍ የታጠቀው ወንድ ደካማ፥ ባዶ እጅዋን የቆመችው ሴት ብርቱ ሆና ትታያለች።

ርብቃ በዚህ ብቻ አታበቃም። የቈሰለውን አይቫንሆን እያስታመመች በመስኮት ሆና ውጊያውን ስትነግረው፥ እርሱ የፈረሰኝነትን ክብር ያወድስላታል። እርስዋ ግን ይህ ክብር ከዝገትና ከተረሳ መቃብር በቀር ምን ያተርፋል ብላ ትጠይቀዋለች። በአገራችን «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይባላል። ርብቃ ግን ማንንም ወደ ሞት ለመላክ የማትፈልግ፥ ቍስለኛን ከሞት ለመመለስ የምትደክም ሴት ናት። በመጨረሻም ይህ የሕክምና እውቀትዋ ጠንቋይ አሰኝቶ ለፍርድ ያቀርባታል። ከእሳት የሚያድናት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ስለ እርስዋ የሚዋጋ ሰው ማግኘት። ሊደፍራት የመጣው ፈረሰኛ ከእኔ ጋር ሽሺ፥ ሕይወትሽንም አድኚ ቢላትም እምቢ ትላለች። ያልዳነ ቍስሉን ይዞ የደረሰላት አይቫንሆ ነው።

ርብቃ አይቫንሆን ትወደው ነበር። እርሱ ያገባው ግን ሮዌናን ነው። ርብቃ ለሙሽራዪቱ የጌጥ ሣጥንዋን ሰጥታ፥ ከአባትዋ ጋር ወደ እስፓኝ ትሰደዳለች፤ የቀረ ዕድሜዋንም ለበሽተኞችና ለችግረኞች ልታውለው ትወስናለች። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ፍጻሜ ስላዘኑ ስኮት በ1830 ባወጣው እትም መግቢያ ላይ መልስ መስጠት ግድ ሆኖበት ነበር። ያንን ዘመን አስቦ፥ እንዲህ ያለው ጋብቻ ሊሆን እንደማይችል ገለጸ፤ ደግሞም ወጣቶችን መልካም ሥራ ሁሉ በምቾትና በሀብት ይከፈላል ብሎ ማስተማር አደገኛ መሆኑን አስረዳ። በ1850 ደራሲው ታከሪ ሁለቱን የሚያጋባ ቀልደኛ ተከታይ ታሪክ ጻፈ፤ ነገር ግን ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያስታውሷት ስኮት የጻፋትን ርብቃን ነው። የርብቃ ፈቃድ አልተሸለመም፤ ነገር ግን አልተሰበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን አውሮፓ እናልፋለን፤ ርብቃን የጻፋት ወንድ ነበረና፥ ሴት ደራሲ ስለ መካከለኛው ዘመን ሴት ስትጽፍ ምን እንደምታይ እንመልከት። ሲግሪድ ኡንድሴት በ1882 ተወለደች። የኖርዌይ ተወላጅ የነበረው አባትዋ የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ነበር፤ እርስዋ ገና 11 ዓመትዋ ሳለ ሞተ። ከዚህ የተነሣ ሲግሪድ ትምህርትዋን መቀጠል ስላልቻለች በ16 ዓመትዋ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥራ 10 ዓመት ያህል ቤተሰብዋን እየረዳች ሌሊት ሌሊት ትጽፍ ነበር። ስለ መካከለኛው ዘመን የጻፈችውን የመጀመሪያ ድርሰትዋን አሳታሚው አልተቀበላትም፤ ታሪካዊ ልብ ወለድ ዳግመኛ እንዳትሞክርም መከራት። እርስዋ ግን ከ1920 እስከ 1922 ድረስ በሦስት ክፍል «ክሪስቲን የላቭራንስ ልጅ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍዋን አወጣች። በ1928 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያስገኘላት ከሁሉ ይልቅ ስለ ሰሜን አገሮች የመካከለኛው ዘመን ኑሮ የጻፈችው ነው።

ታሪኩ በ14ኛው መቶ ዓመት በኖርዌይ የተፈጸመ ሆኖ የተጻፈ ነው። ክሪስቲን የላቭራንስ ልጅ ናት፤ አባትዋ ደግ፥ ጾመኛ፥ በአገሩ የተከበረ ባለርስት ነው። ሲሞን ለተባለ ጨዋ ጐልማሳ ያጫታል። እርስዋ ግን በኦስሎ ገዳም ተቀምጣ ሳለች ኤርለንድ የተባለ መልከ መልካም ነገር ግን ስመ ጥፉ የሆነ መኰንን ትወዳለች። እምቢ ትላለች። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፥ ደራሲዋ አባትዮውን ክፉ፥ እጮኛውንም አስቀያሚ አድርጋ ነገሩን አላቀለለችውም። ክሪስቲን እምቢ ያለችው ክፉውን አይደለም፤ እምቢ ያለችው ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን አባትዋን ነው። በዚያ አገር ሕግ ያለ ዘመዶችዋ ፈቃድ ያገባች ሴት ውርስዋን ልታጣ ትችል ነበርና ነገሩ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጉዳይ ነበር። አባትዮው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ልቡ እያዘነ ይሸነፋል።

አብዛኛው የፍቅር ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። ሠርግ ተደገሰ፥ በደስታ ኖሩ ይባልና መጽሐፉ ይከደናል። የኡንድሴት መጽሐፍ ግን ከሠርጉ በኋላ ሁለት ክፍል ይቀረዋል። ክሪስቲን በድብቅ ፀንሳ ሳለች የንጽሕና ምልክት የሆነውን የሙሽርነት አክሊል ደፍታ ስለ ነበረ ኅሊናዋ ይወቅሳታል። የመጀመሪያ ልጅዋን ከወለደች በኋላ ሕፃኑን አዝላ፥ ጫማዋን አውልቃ፥ ዛሬ ትሮንድሄም ወደሚባለው ወደ ኒዳሮስ በእግርዋ ተጉዛ አክሊልዋን ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። ልጆች ታሳድጋለች፤ ባልዋ የተወውን ርስት ታቀናለች፤ ባልዋ በንጉሡ ላይ አሢሮ ሀብቱን ሲያጣ ከእርሱ ጋር ትወድቃለች፤ ከእርሱም ጋር ትጣላለች። በዚያን ጊዜ አባትዋ ስለ ምን ይፈራላት እንደ ነበረ ይገባታል። ይህም ሆኖ ደራሲዋ ክሪስቲንን እየቀጣች አባትዋን ባለድል አታደርገውም። ክሪስቲን ሕይወትዋን መርጣለችና ሕይወትዋ የራስዋ ነው፤ ክፉውም ደጉም።

በ1349 ጥቁር ሞት የተባለው ቸነፈር ኖርዌይ ሲደርስ ክሪስቲን ባልዋ ሞቶባት በገዳም ነበረች። ሰዎች በፍርሃት አብደው ቸነፈሩን ለማብረድ አንድ ድኃ ሕፃን በሕይወቱ ሊቀብሩ ባሉ ጊዜ ከእኅቶቿ ጋር ሄዳ ታስጥለዋለች። ከሰዎቹም አንዱ የሕፃኑ እናት ሬሳ በጎጆዋ ተጥሎ ይገኛልና አንቺ ታመጪው እንደ ሆነ እንይ ብሎ ይፈትናታል። ክሪስቲን እሺ ብላ በሌሊት ትሄዳለች፤ ሬሳውን ታስመጣለች፤ በዚያውም ተይዛ ትሞታለች። ልትሞት ስትል የጋብቻ ቀለበትዋን ለሟቿ መታሰቢያ ትሰጣለች። ቀለበቱ በወጣበት ጣት ላይ ግን በቀለበቱ የተቀረጸው የማርያም ስም የመጀመሪያ ፊደል ታትሞ ቀርቶ ታየዋለች። በወጣትነትዋ እምቢ ያለችው ልብ፥ በእርጅናዋ ማንም ያልደፈረውን እሺ ያለው ልብ፥ አንድ ልብ መሆኑን አንባቢ የሚያስተውለው በዚህ ጊዜ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በዚያው መጽሐፍ ልንዘላት የማይገባን አንዲት ሴት አለች፤ የክሪስቲን እናት ራግንፍሪድ ናት። ዝምተኛና ትካዜ የበዛባት ናት። የልጅዋ ሠርግ በተፈጸመበት ሌሊት ግን ለብዙ ዓመት በልብዋ የያዘችውን ምሥጢር ለባልዋ ትገልጥለታለች። የማይናገር ሁሉ ፈቃድ የሌለው እንዳልሆነ ያን ጊዜ እንረዳለን።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በብዛት የሚታተሙና በስልክም የሚነበቡ ሌሎች የመካከለኛው ዘመን የፍቅር ታሪኮች አሉ። በእነዚያ ውስጥ ጀግናዪቱ የ12ኛው መቶ ዓመት ልብስ ለብሳ የዛሬውን ሰው ንግግር ትናገራለች። አባትዋን ትሰድባለች፤ አይቈጣም። እጮኛዋን ታባርራለች፤ ዘመድ አይጣላም። ፈረስ ጭና ሌሊት ትወጣለች፤ ከግንቡ ውስጥ የሚከለክላት ዘበኛ የለም። እንዲህ ያለችው ሴት ደፋር ትመስላለች እንጂ ደፋር አይደለችም፤ የሚያስፈራ ነገር አልተፈጠረላትምና። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ሁሉ፥ እናቱም አክስቱም ሞግዚቱም፥ ደካማና ሞኝ ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን አዘውትረን ብናነብ የገዛ አያቶቻችንን መናቅ እንማራለን። አያቶቻችን ግን በጠባብ መስኮት በኩል ብዙ ያሳለፉ ናቸው።

በአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያም ላይ ልበ ብርቱ ሴት እንደምትገኝ ስናስታውስ ደስ ይለናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908፥ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፥ በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ፥ ሁላችንም «ጦቢያ» ብለን የምንጠራው፥ በሩቁ ዘመን የተፈጸመ ሆኖ የተተረከ ነው። ጦቢያ የጠፋ ወንድምዋን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር በየአገሩ ትንከራተታለች። እርስዋም የተጓዘችው ከአባትዋ ሸሽታ ሳይሆን አባትዋን ደግፋ ነው። ይህ ሌላ ዓይነት ብርታት ነው። ከእውነተኛው ታሪካችን ደግሞ የሐዲያ ገዢ ልጅ የነበረችው ንግሥት እሌኒ አለች። አፄ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ መንግሥትን በሞግዚትነት የጠበቀች፥ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥም መልእክተኛ የላከች ናት። ከእኛ መካከል ብዕር የሚያነሣ ቢገኝ እንዲህ ያለችው ሴት ሙሉ መጽሐፍ ይገባታል። የሚጽፈው ሰው ግን ክብርዋን ብቻ ሳይሆን ዋጋዋንም ይጻፍልን።

እንግዲህ ንግግራችንን በሦስት ቃል እንደመድማለን።

ለወንድሞቻችን የምንለው ይህ ነው። ስለ ፈረሰኞች ስታነቡ ሰይፍ የመዘዘውን ብቻ አትመልከቱ። ክሪስቲን ልብዋን ለሌላ እንደ ሰጠች ባወቀ ጊዜ ሲሞን ሳያዋርዳት የእጮኝነቱን ውል ለማፍረስ ተስማማ። ኋላም ባልዋ በታሰረ ጊዜ እንዲፈታ የደከመው እርሱ ነው። የሴትን እምቢታ በክብር መቀበል ከጦር ሜዳ የማያንስ ጀግንነት ነው።

ለእኅቶቻችን የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ልበ ብርቱነት እምቢ ማለት ብቻ አይደለም። ዋጋውን ዐውቆ እሺ ማለትም ብርታት ነው። ክሪስቲን በፍቅር የተናገረችው እምቢታና በቸነፈር ጊዜ የተናገረችው እሺታ ሁለቱም የእርስዋ ናቸው። ማወቅ ከሌለ ግን እሺም እምቢም ከንቱ ነው፤ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል። ርብቃን ያስከበራት ውበትዋ ሳይሆን የሕክምና እውቀትዋ እንደ ነበረ አትርሱ።

ለወላጆቻችን የምንለው የመጨረሻው ነው፤ በትሕትናም እንለዋለን። ላቭራንስ መልካም አባት ነበር፤ መልካም እጮኛም መርጦ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጐደለው፤ ልጁን አስቀድሞ አልጠየቃትም። በአገራችን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሁለቱን ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንደሚሻ፥ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው ሊሆኑ እንደሚገባ ይደነግጋል። ነገር ግን ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው የተዳሩ ልጆች ስም ከመዝገብ ሲሰረዝ ማየት ለእኛ ከልብ ወለድ የወጣ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልመናችን አጭር ነው። ለልጃችሁ ከማሰባችሁ በፊት ጠይቋት፤ ከጠየቃችኋትም መልስዋን ስሙ። እሺ ብትል ደስታችሁ ሙሉ ይሆናል። እምቢ ብትል ደግሞ ልጃችሁ ልብ እንዳላት ዐውቃችሁ ደስ ይበላችሁ።